ማስቲሽ ቀቢዋና ቆራጩ አንድ አየር አይተነፍሱም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ 6 ዓመት ሰርቻለሁ፣ ይሄን የምጽፈው ስላንገበገበኝ ነው። አንድ ቀን ኬሚካል ሊለኩ መጡ ተባለና መሳሪያውን አዳራሹ መሃል አስቀምጠው ትንሽ ቆይተው ችግር የለም ብለው ሄዱ። ቆዳ የሚቆርጠው ልጅና ቀኑን ሙሉ ማስቲሽ ላይ አጎንብሳ ሶል የምትቀባዋ እህታችን እኩል ነው እንዴ የሚተነፍሱት? ማስቲሹ ውስጥ ሄክሴን የሚባለው ማሟሚያ ኬሚካል (ሶልቨንት) ካለ እኮ ቀስ እያለ ነርቭ ይጎዳል፣ መጀመሪያ የእግርና የእጅ ጣት ነው የሚደነዝዘው፣ ሰውም ድካም ነው ብሎ ዝም ይላል።

ትክክለኛው አለካክ ሰራተኛውን በሚሰራው ስራ ከፋፍሎ፣ ከየክፍሉ ሰው መርጦ፣ አየር የምትስበውን ትንሿን ፓምፕ ቀበቶው ላይ አስሮ የአየር መሳቢያ ጫፏን አንገትጌው ላይ አፍንጫው አካባቢ ሰክቶ ሺፍቱን ሙሉ ማዋል ነው። ማሽን ጠጋኙና ጽዳቷ ሁሌም ይረሳሉ፣ ብሩሽና ማሽን በሶልቨንት የሚያጥቡት ግን እነሱ ናቸው፣ ያውም በባዶ እጅ! በእጃቸው ቆዳ የሚገባው ደግሞ አየር በመለካት አይታይም።

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሰሪው የስራው ሂደት ለኬሚካል አደጋ መንስኤ እንዳይሆን እንዲከላከል ያስገድደዋል። ስለዚህ እባካችሁ ውጤቱ በየስራ ክፍሉ ተለይቶ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን።