ደብዳቤ ለልጄ፦ ማታ ማታ አውልቂው

ለልጄ ለህሊና፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? እኛ ደህና ነን፤ የደሴ ብርድ ብቻ ከበድ ብሏል። አባትሽም ወንድምሽም ናፍቀውሻል።

ከዶርም ጓደኛሽ ጋር በስልክ አውርተን ነበር። አትቆጪያት፤ እኔ ነኝ አጥብቄ ጠይቄ ያናገርኳት። ሰው ሰራሽ እግርሽን እንዳደረግሽ እንደምትተኚ ነገረችኝ። መብራት ከጠፋ በኋላ እንኳ አታወልቂውም አሉ። ስታነክሺ ባታይ ኖሮ እሷም ባላወቀች። ሌላውን ሁሉ ከመጻፌ በፊት ይኸን ስሚኝ፦ ማታ አውልቂው።

ቆዳሽ ቀኑን ሙሉ ክብደትሽን ተሸክሞ፣ ታፍኖ፣ በላብ ርሶ ይውላል። ሌሊት አየር ካላገኘ ይላጣል፤ ከተላጠ ይቆስላል፤ ከቆሰለ ደግሞ እስኪድን ድረስ እግሩን ጭራሽ ማድረግ አትችዪም። አርባ ምንጭ ደሴ አይደለም፣ ቆላ ነው። እዚህ ከእግሩ ውስጥ የምታደርጊው አንድ ካልሲ ቀኑን ያደርስሽ ነበር፤ እዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ቀይሪ። ስታወልቂ የእጅ መስታወት ከስር አድርገሽ እዪው። የቀላ ቦታ ካለና በሃያ ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ሶኬቱ፣ ያ ጉልበትሽ የሚገባበት የእግሩ ክፍል፣ እየጎዳሽ ነው። በማግስቱ አታድርጊው፤ ክፍል ቢቀርም ይቅር።

ክራንችሽን አልጋሽ ስር አገኘሁት። ረስተሽው እንዳልሆነ ገባኝ። ታዲያ ሌሊት ሽንት ቤት በምን ልትሄጂ ነው? እግሩን የማታወልቂው ለካ ለዚህም ነው። ለአክስትሽ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ቅዳሜ ይደርስሻል። ራስጌሽ አቁሚው፤ ያየ ይይ። የላይኛውን አልጋ ሰጥተውሽ ከሆነም የታችኛውን ጠይቂ።

ስትወለጂ ከቀኝ ጉልበትሽ በታች ጥቂት ብቻ ነበር ይዘሽ የመጣሽው። ነርሲንግ ስማር ስለ ታሊዶማይድ ተምሬ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለእንቅልፍ ተብሎ ገበያ ላይ የዋለ፣ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ የወሰዱት መድኃኒት ነው። በ1961 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ከገበያ ሲነሳ ብዙ ጉዳት አድርሶ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተጎድተው ተወልደዋል፤ ብዙዎቹ እጃቸው ወይም እግራቸው አልተሟላም። አንቺን ታቅፌ በእርግዝናዬ የዋጥኩትን ክኒን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ከአይረንና ከፎሊክ አሲድ በቀር ምንም አልነበረም። ሐኪሙም እንዲህ ያለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እንደማይታወቅ ነገረኝ። እኔ ግን ሌሊት እየተነሳሁ እንደገና እቆጥር ነበር።

የነዚያ ልጆች ነገር ከልቤ አልወጣም። በጀርመን፣ በእንግሊዝና በካናዳ በተጨመቀ ጋዝ የሚሠራ ክንድ ተሠራላቸው። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር፤ የልጆች ሰው ሰራሽ አካል ሙያ የተነቃቃውም ያኔ ነው። ክንዶቹ ግን ከባድ ነበሩ። ብዙዎቹ ልጆች አውልቀው አስቀመጧቸውና በእግር ጣታቸው መጻፉን፣ መብላቱን ቀጠሉ። አዋቂው ልጁ ሙሉ መስሎ እንዲታይለት ፈለገ፤ ልጁ ደግሞ የሚጠቅመውን ያውቅ ነበር። እኔ ለነዚያ ልጆች እፈርዳለሁ።

አንቺም እንደነሱ ነበርሽ። ግድግዳ ይዘሽ መቆም ስትጀምሪ፣ «የምታድግ ልጅ ናት፣ ሰው ሰራሽ እግሩ በዓመቱ ይጠባታል፣ ትልቅ እስክትሆን ጠብቂ» ያሉኝ ብዙ ነበሩ። መጥበቡስ ጠቦሻል። ግን መቆም የፈለግሽው ያኔ ነበር! ባለሙያው ጉልበትሽን በጀሶ ጠቀለለው፤ አንቺ ጀሶውን በጣትሽ እየነካሽ ትስቂያለሽ። ቅርጹን አውጥቶ በሞረድ ካስተካከለ በኋላ የፕላስቲኩን ሉህ ከምድጃ አወጣው፤ እንደ ሊጥ ተለጥጦ ቅርጹ ላይ ተጣበቀ። ፖሊፕሮፒሊን ይባላል፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በየአገሩ ያስፋፋው አሠራር ነው። ርካሽ ባይሆን ኖሮ ለምታድግ ልጅ ቶሎ ቶሎ ማን ይለውጥላት ነበር? ቤት እንደደረስን ግን ራስሽ ጎትተሽ አወለቅሽው፣ ለወንድምሽ አስያዝሽውና እየዳህሽ ወደ ጡቴ መጣሽ። ሳሎኑ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። ያኔ ማንንም አላፈርሽም፤ ዛሬ ማን መጣብሽ እናቴ?

የማታውቂያቸው ልጆች መካከል መተኛት ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም ማታ አውልቂው። አንድ ቀን ያያሉ፣ ሁለት ቀን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ የራሳቸው ፈተና ይይዛቸዋል።

አርባ ምንጭ ውስጥ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ሰኞ ጠዋት ሂጂ። ሰፊ ቀሚስ ልበሺ። ዘወትር የምትጫሚውን ጫማ አድርገሽ ሂጂ፤ የተረከዙ ከፍታ ከተለወጠ የእግሩ አሰላለፍ ይበላሻል። ወገብሽን ካመመሽም ንገሪያቸው፤ እግሩ አጥሮብሽ ይሆናል። «ደህና ነኝ» ብለሽ እንዳትመጪ፣ አደራ! በስልክ ያሳየሽኝን የሩጫ እግር አልረሳሁትም፤ ግን ሶኬቱ ካልተመቸሽ የትኛውም እግር አይጠቅምሽም።

በቴሌብር የላክሁልሽ ለባጃጅና ለካልሲ ነው። ነጭ፣ የጥጥ፣ ስፌቱ የማይቆረቁር ግዢ። ከማዕከሉ እንደወጣሽ ደውይልኝ፤ ተረኛ ብሆንም አነሳዋለሁ።

እናትሽ