ከኋላ የተቀመጡት፦ የሙዚቃ ክበባችን ዓመት

ዘንድሮ የተገናኘነው ረቡዕ ረቡዕ ነው፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ። ድራም የለንም። ያለን አንድ ከበሮ፣ አንድ ስፒከርና የተማሪ ዴስክ ነው። ስለዚህ ዓመቱን በማዳመጥ አሳለፍነው፤ የሰማነውን ደግሞ ዴስኩ ላይ በጣታችን ሞከርነው።

ጥቅምት ላይ "ምን እንስማ?" ብዬ ስጠይቅ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ የኒል ፒርትን ሶሎ በስልኩ ይዞ መጣ። ፒርት ራሽ የሚባለው የካናዳ ባንድ ድራመር ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው ያረፈው። ድራሙ ከፊትም ከኋላም ከቦት ሲመታ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። ቪዲዮው ሲያልቅ ጥግ የተቀመጠች ልጅ "ቲቸር፣ ከሱ ሌላስ ማን አለ?" አለች። የዓመቱ ሥራችን የወጣው ከዚች ጥያቄ ነው።

ለማያውቀው፣ የነፒርት ሙዚቃ ፕሮግረሲቭ ሮክ ይባላል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ የተነሳ ሙዚቃ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የሮክ ባንዶች ጃዝና ክላሲካል ቀላቀሉ፣ አንዱን ዘፈን ሃያ ደቂቃ አደረሱት፣ ምቱንም በአራት ብቻ ሳይሆን በአምስት፣ በሰባት፣ በዘጠኝ መቁጠር ጀመሩ። የዚህ ሙዚቃ ድራመሮች ሲነሱ የሚጠሩት ሁሌ እነዚያው ናቸው፤ ፒርት፣ ቢል ብሩፎርድ፣ ፊል ኮሊንስ፣ ካርል ፓልመር። ይገባቸዋል። እኛ ግን አክብረን አለፍናቸውና ስማቸው እምብዛም ወደማይነሳው ሄድን።

መጀመሪያ ማይክል ጃይልስ። ኪንግ ክሪምሰን በ1969 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይ የመታው እሱ ነው። የመክፈቻው ዘፈን መሃል ላይ ባንዱ በሙሉ አንድ ላይ ይሮጥና ቀጥ ይላል፣ ዝም፣ እንደገና ይሮጣል፣ እንደገና ዝም። ልጆቹን ዓይናችሁን ጨፍኑና ዝምታው ሲያበቃ እጃችሁን አውጡ አልኳቸው። ያገኘው የለም። ግማሹ ቀደመ፣ ግማሹ ዘገየ። አምስት ጊዜ ደጋግመን ሰማነው። በአምስተኛው ላይ ሦስት እጅ በትክክል ወጣ፤ እነዚያ ሦስቱ ዝምታውንም ይቆጥሩ ነበር። ጃይልስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከባንዱ ወጣ። ስሙ ብዙ የማይነሳው አንዱ በዚህ ይመስለኛል፤ ባንዱ ረጅም ዕድሜ ኖረ፣ እሱ ግን መጀመሪያው ላይ ቀረ።

ጥር ላይ ጀንትል ጃያንት ደረስን። ይሄ ባንድ ከባድ ነው፣ ልጆቹም መጀመሪያ አልወደዱትም። አንዱ ዜማ ሳያልቅ ሌላው ይገባል፣ ድምፆቹ እንደ ልጆች አባሮሽ ይከታተላሉ። በ1972 የነበራቸው ድራመር በሞተር ሳይክል አደጋ ሲጎዳ ጆን ዌዘርስ የሚባል የዌልስ ሰው ተተካ፣ ባንዱ በ1980 እስኪበተን ድረስም አልወጣም። ዌዘርስ ምን አደረገ? ሌሎቹ ሲያወሳስቡ እሱ አቀለለው። ጠንካራ፣ ቀጥ ያለ፣ እግር የሚያስነሳ ምት ሥር ሥሩን አስገባ። ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚመታ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለን። ዘፈኑን አስቁሞ ከበሮውን አንገቱ ላይ አጠለቀና በሰፊው ጎን ባስ ድራሙን (ወፍራሙን ድምፅ)፣ በጠባቡ ጎን ስኔሩን (ቀጭኑን ድምፅ) እያወጣ የዌዘርስን ምት ብቻውን መታልን። ከዚያ "አሁን ዘፈኑን ክፈቱት" አለ። ያን ቀን ነው ሙዚቃው ለብዙዎቹ የተከፈተላቸው። ውስብስብ ነገር መምታት ችሎታ ነው፤ ውስብስብ ነገር መሃል ቆሞ ሌላው እንዳይወድቅ መያዝ ግን እኔ የበለጠ የማከብረው ችሎታ ነው።

መጋቢትን በሙሉ የሰጠነው ለኒክ ሜሰን ነው። ፒንክ ፍሎይድ ዓለም ያወቀው ባንድ ሆኖ ድራመሩ እንዴት "ያልተነገረለት" ይባላል የሚል ይኖራል። ሜሰን ባንዱ ባወጣቸው የስቱዲዮ አልበሞች ሁሉ ላይ ያለ ብቸኛ አባል ነው፤ ግን ስለ ባንዱ ሲወራ ስለ ጊታሩ ነው፣ ስለ ግጥሙ ነው፣ ስለ መብራቱ ነው። ስለ ድራሙ ከተነሳም "ቀርፋፋ ነው" ይባላል። በዚህ አልስማማም፣ ልጆቹም አልተስማሙም። በ1973ቱ አልበማቸው ላይ "መኒ" የሚለው ዘፈን የሚጀምረው በሳንቲም ኳኳታና በሒሳብ መቀበያ ማሽን ድምፅ ነው፣ ድምፆቹም የሚዞሩት በሰባት ምት ነው። ዴስኩን እየመታን ቆጠርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ አንድ። ሳክስፎኑ ሲገባም ሰባት ነው። ጊታሩ ሲገባ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ እጇን አነሳችና "ቲቸር፣ ቆጠራው ጠፋብኝ" አለች። አልጠፋባትም! ምቱ ወደ አራት ተቀይሯል። ሜሰን ባንዱን በሙሉ ከሰባት ወደ አራት ያሻግረዋል፣ ኋላም መልሶ ያመጣዋል፣ የሚሰማው ሰው ግን የሚያውቀው የሆነ ነገር ሰፋ እንዳለለት ብቻ ነው። ያቺ ልጅ በጆሮዋ ብቻ አገኘችው። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ቀን የለም።

ከሜሰን ወደ ሮበርት ዋያት የሄድነው አስበንበት አይደለም፣ ታሪኩ ራሱ ወሰደን። ዋያት ሶፍት ማሽን የሚባለው ባንድ ድራመር ነበር፤ እየመታ የሚዘፍን፣ ምቱ እንደ ጃዝ የላላና የሚንሳፈፍ። ጁን 1973 ለንደን ውስጥ ግብዣ ላይ ሳለ ከፎቅ መስኮት ወደቀና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ይህን ስነግራቸው ከኋላ አንዱ "ታዲያ ባስ ድራሙን በምን ይመታዋል?" አለ። በእግር ነዋ የሚመታው። ሃይ-ሃቱም (ተደራርበው የሚጋጩት ሁለት ሳህኖች) በእግር ነው። አንድ ልጅ ወንበሩ ላይ ሁለት እግሩን አጣምሮ አነሳና በሁለት እጁ ብቻ ዴስኩን ለመምታት ሞከረ፣ ትንሽ መታና ተወው። ለተወሰነ ጊዜ ማንም ምንም አላለም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ፒንክ ፍሎይድና ሶፍት ማሽን ለንደን ሬይንቦ ቲያትር ውስጥ ለዋያት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት አደረጉ። በ1974 ዋያት "ሮክ ቦተም" የሚለውን አልበም ሲያወጣ ፕሮዲውሰሩ ማን ነበር? ኒክ ሜሰን። ድራመር ለድራመር ደረሰለት። ዋያት በዚህ አልበም ላይ ይዘፍናል፣ ኪቦርድ ይጫወታል፣ በእጁ የሚመታውንም አልተወም፤ ትሪ ሳይቀር መትቷል። ትሪ መሆኑን ሲሰሙ ልጆቹ ተያዩ። ትሪ ሳይመታ ያደገ ማን አለ?

ሌሎቹን ድራመሮች፣ አንዲ ዋርድን፣ ጋይ ኢቫንስን፣ ባሪሞር ባርሎን በአንዳንድ ረቡዕ ብቻ ነው የነካናቸው፣ አልበቃንም። ካሜል የሚባለው ባንድ ድራመር የነበረውን አንዲ ዋርድን በተለይ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ልንሰጠው ይገባ ነበር።

ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ልጆቹ የራሳቸውን አጭር ድርሰት አቀረቡ። በሰባት ምት ነው። አንድ ከበሮ፣ ሁለት ጄሪካን፣ አንድ ትሪ፣ አንድ ኪቦርድ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ኪቦርዱ ጠፋ፣ ማይኩም ጠፋ። ወላጆች ሊያበረታቱ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ጭብጨባው ደግሞ በየሁለት ምቱ ነው፣ ከሰባት ጋር አይሄድም። እኔ ከጎን ቆሜ ላቤ መጣ። ልጆቹ ግን ይህን ክፍል ውስጥ ቆጥረውት ነበር። ሁለትና ሰባት በየ14ቱ ይገናኛሉ። አንዱ ዙር ላይ ጭብጨባው ይገጥማል፣ ቀጣዩ ላይ ይስታል፣ ከዚያ መልሶ ይገጥማል። ባለ ከበሮው አንገቱን ወደ ባለ ትሪዋ አዞረ፣ እሷም በከንፈሯ እየቆጠረች ነበር፣ 14ቱ ሲሞላ ሁሉም አንድ ላይ ሰፊውን ምት አወረዱት፣ አዳራሹም ሳያውቀው አብሯቸው አጨበጨበ። ስድስት ዙር እንዲህ ሄዱ፣ መብራት እስኪመጣ።

የመጪው ዓመት ምዝገባ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው። ማግማ በሚባለው የፈረንሳይ ባንድ እንጀምራለን።