ኒውክሌሩ ይምጣ፤ ቆሻሻውን ግን ማን ይረከባል?

ክቡር አዘጋጅ፣

ጅማ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነኝ። መስከረም 2018 መንግሥት ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የመንግሥት ኒውክሌር ኩባንያ ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የድርጊት መርሐ ግብር ከፈረመ ወዲህ፣ ቡና በጠጣን ቁጥር ክርክር ነው። አንዱ ቼርኖቤልን ያነሳል። ሌላው «ግብፅ እየገነባች እኛ ምን ጎደለን?» ይላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው፤ ከማብላያው፣ ማለትም የኒውክሌር ነዳጁ ሙቀት ከሚሰጥበት ክፍል፣ የሚወጣው ጨረር የሚለቅ ያገለገለ ነዳጅ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ማመንጫው እንዲመጣ እፈልጋለሁ። መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው። ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ሕዳሴው ደግሞ 5,150 የማመንጨት አቅም አለው። ደስ ብሎናል። ሁሉም ግን ዓይኑ ዝናብ ላይ ነው። ቡናችንም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ አንድ ነገር ካልተደረገ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአገራችን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ብሏል። ጅማ ላይ ሆኖ ይህን ቁጥር ማንበብ ያማል። ማብላያ ዝናብ አይጠብቅም፤ ከግንባታው ጀምሮ ሲቆጠር የሚለቀው ካርቦንም ከንፋስ ኃይል ጋር ይቀራረባል።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልምጣ። ተማሪ ሳለን ሰሌዳ የምናጠቁረው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ያለቀውን ሰብረን ጥቁሩን ዱቄት እናወጣለን፤ በውኃ በጥብጠን በጨርቅ እንለቀልቀዋለን። እጃችን እስከ ክርናችን ይጠቁራል። በዚያው እጅ ዳቦ እንቆርሳለን። ውስጡ ምን እንዳለ የነገረን የለም፤ መምህራችንም አያውቁም ነበር። ዛሬም ያለቀ ባትሪ ከፌስታል ጋር አዌቱ ወንዝ ዳር ተጥሎ አያለሁ።

ብራዚል ጎያኒያ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የሆነውን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። አንድ ክሊኒክ ሲለቅ የካንሰር ማከሚያ የጨረር መሣሪያውን አሮጌው ሕንፃ ውስጥ ትቶት ሄደ። ሁለት ሰዎች ነቅለው ሸጡት፤ የገዛቸው እኛ ቆራሌ የምንለው ዓይነት ነጋዴ ነው። ውስጡ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ ዱቄት ተገኘ። ሲዚየም የሚባል ጨረር የሚለቅ ንጥረ ነገር ነበር፤ ከ100 ግራም ያነሰ። ውበቱ አስገርሟቸው ለዘመድ ለጎረቤት አካፈሉት። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ በነካችበት እጇ ምግብ በላች። እሷን ጨምሮ አራት ሰው ሞተ። ይህ የኃይል ማመንጫ አደጋ አይደለም፤ አውቃለሁ። መሣሪያው ሲሠራ ሰው እያዳነ ነበር። ጉዳቱ የመጣው ጠባቂ ያጣ ዕለት ነው።

ያገለገለ ነዳጅ መጠኑ ትንሽ ነው። 1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ማብላያ በዓመት የሚያወጣው ከ25 እስከ 30 ቶን ገደማ ነው። ዕድሜው ነው ጉዱ። ውስጡ ያለው ፕሉቶኒየም 239 ግማሹ ለመጥፋት 24,000 ዓመት ይፈጅበታል። ትልልቆቹ የአክሱም ሐውልቶች ከቆሙ ገና 1,700 ዓመት ቢሆናቸው ነው!

መላ የለውም ማለቴ አይደለም። ፊንላንዶች ከ400 ሜትር በላይ ጠልቀው አለት ቆፍረዋል፤ ነዳጁን በመዳብ ዕቃ ዘግተው በልዩ ሸክላ አፈር ሊከቡት። ቦታ ፍለጋውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ቦታው የተመረጠበት ወረዳ «አልፈልግም» የማለት መብት በሕግ ነበረው፤ ተጠይቆ እሺ አለ። ወጪውንም ኩባንያዎቹ ማመንጫው እየሠራ ሳለ ለዚሁ በተቋቋመ ፈንድ ያጠራቅማሉ። እኔን የማረከኝ ከጉድጓዱ ይልቅ ይህ ነው።

የእኛስ? ሩሲያ ለባንግላዴሽ በምትሠራው ማመንጫ ያገለገለውን ነዳጅ መልሳ ልትወስድ ተስማምታለች። እኛም ይህን ካሁኑ፣ ድርድሩ ሳይዘጋ፣ በውላችን ማስገባት አለብን። ካልሆነ የት እንደሚቀመጥ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ የቦታው ነዋሪ እንዴት እንደሚጠየቅ በሕግ ይጻፍ። ጋዜጣችሁ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ይህን ጠይቆ መልሱን ያውጣልን። ክፍል ውስጥ አንብቤው ከተማሪዎቼ ጋር እንወያይበታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህር፣ ጅማ