አባዬ፣ የመስኮቱ ወንበር ያንተ ነው

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እማዬ፣ እህቴ፣ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ እዚህ መጥተህ አብረን ተራራውን በባቡር እንድናይ ስጋብዝህ፣ «ያንን ገንዘብ ለጣሪያው አድርጊው፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ የፈረንጅ ተራራ ምን ያደርግልኛል?» ብለኸኝ ስልኩን ለእማዬ ሰጠሃት። ብዙ የምለው ነበረኝ። በስልክ ስናወራ ግን ወይ መስመሩ ይቆረጣል፣ ወይ አንተ ወሬ ትቀይራለህ። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። መነጽርህን አድርገህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

የጣሪያው ብር ለብቻው ተቀምጧል፤ ክረምቱ እንዳለፈ ይሠራል። ይኸኛው ሌላ ነው፤ ሦስት ዓመት በየወሩ ላንተ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው።

አንድ ቀን «ምድር ባቡር እያለህ ስንት ጊዜ አዲስ አበባ ሄደሃል?» ብዬ ጠይቄህ ነበር። ብዙ ጊዜ አልከኝ። አብዛኛውን ግን የሄድከው ሌሊት፣ የወደቀ ፉርጎ ልታነሱ፣ ከመሣሪያ ሣጥንህ ጋር ነበር። አፍደም ላይ ነግቶብህ፣ አዋሽ ላይ መሽቶብህ፣ እጅህ በቅባት እንደ ጠቆረ ትመለሳለህ። መስኮት አጠገብ ተቀምጠህ አገር እያየህ የሄድክበትን ቀን ስጠይቅህ «አላስታውስም» አልከኝ። ያ መልስህ ከልቤ አልወጣም። ሰው ሁሉ በሰላም እንዲሳፈር ዕድሜህን ሙሉ ጎማና ፍሬን ስታስተካክል ኖረህ፣ አንተ ራስህ ተሳፋሪ ሆነህ አታውቅም። ፓሪስን ወይም ሮምን ትቼ የባቡር ጉዞ የመረጥኩት ለዚህ ነው።

የምንሄድበት መስመር ደግሞ እንግዳ አይሆንብህም። እዚህ በስዊዘርላንድ ምሥራቅ፣ ግራውቡንደን በሚባለው ተራራማ ክፍል፣ የሬቲሽ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ስፋቱ ልክ እንደ እናንተው አንድ ሜትር ነው። እንደ ሌላው አውሮፓ ሰፊ አይደለም። ጠባብ ሐዲድ ጠበብ ባለ ኩርባ ይታጠፋል፣ ተራራ ላይ ብዙ ወጪ ይቆጥባል፤ ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ከሁሉ የገረመኝ ዓመቱ ነው። ላንድቫሰር የሚሉት ትልቁ የድንጋይ ድልድይ ተሠርቶ ያለቀው በፈረንጅ 1902 ነው፤ የእኛው ባቡር ድሬዳዋ የገባውም በዚያው ዓመት። የእኛዎቹ መሐንዲሶች የሐረር ተራራ ከብዷቸው በሥሩ ሲያልፉ «አዲስ ሐረር» ብለው የጀመሯት ከተማ ድሬዳዋ ሆነች። የእነዚህኞቹ ደግሞ ተራራውን እየቆፈሩ፣ እየተጠመዘዙ ወጡት። ሁለቱንም ማየት የሚገባው ሰው ካለ አንተ ነህ።

ሌላም አለ። ለአፄ ምኒልክ የባቡሩን ሐሳብ ያቀረበውና በፈረንጅ 1894 የሥራ ፈቃዱን የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግ የዚሁ አገር ሰው እንደሆነ ታውቃለህ። የተወለደው በ1854 ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ነው፤ ከእኔ ቤት በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በ1916 እዚሁ ዙሪክ አረፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ አንድ ዓመት ተኩል ቀድሞት ሄደ ማለት ነው። ወንድሜ «ፍራውንፌልድ ምን አለ? ለምን ቀን ታጠፋላችሁ?» አለኝ። እኔ ግን አንተ በዚያች ከተማ ጣቢያ ላይ ቆመህ ባይህ ደስ ይለኛል። ግማሽ ቀን ይበቃናል።

ወንድሜን ካነሳሁ ልንገርህ፤ መጀመሪያ ያዘጋጀነው ዕቅድ በአሥር ቀን ሰባት ከተማ ነበር። ሙኒክ፣ ሳልዝቡርግ፣ ቪየና፣ ኢንስብሩክ፣ ቬኒስ፣ ሚላኖ፣ ዙሪክ። ወረቀት ላይ ያምራል። ሳስበው ግን ሻንጣ ማሠርና መፍታት ብቻ ሆነብኝ፤ ጠዋት ከሆቴል መውጣት፣ ማታ ሌላ ሆቴል መፈለግ። አምስቱን ሰረዝኳቸው፤ ቬኒስን ስሰርዝ ትንሽ ከፋኝ፣ ግን ድልድዩ ሁሉ ደረጃ ነው፤ ለጉልበትህ አይሆንም። የቀረው ዙሪክና ሚላኖ ነው፤ በመካከላቸው ተራራው ላይ ያለችውን ፖንትሬዚናንና ጣሊያን ድንበር ላይ ያለችውን ቲራኖን ጨመርኩ። በቀን ከአራት ሰዓት በላይ ባቡር ላይ የምንቀመጠው በመመለሻው ቀን ብቻ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊትም አንነሳም።

ቀኑን የመረጥኩት አንተን አስቤ ነው። ሐምሌ 19 ቁልቢ ሳትሄድ እንደማትቀር አውቃለሁ፤ ፍልሰታን ደግሞ ከቤትህ ውጭ አትጀምርም። ስለዚህ ገብርኤልን አንግሠህ ሐምሌ 21 ዙሪክ ትገባለህ፣ ሐምሌ 30 ማታ ትሳፈራለህ፣ ነሐሴ 1 ጠዋት አገርህ ነህ። ጥቂት ቀን ነው፤ ግን ሁለቱም ቦታ ልብህ ሳይከፈል ትጓዛለህ።

ሁለት ቀን ቤቴ ታርፋለህ፣ በሦስተኛው ቀን ፍራውንፌልድ ደርሰን እንመለሳለን። ሐምሌ 24 ኩር ወደምትባል ከተማ፣ ከዚያም ወደ ተራራው ላይ። ከኩር ስንነሳ በቀኝ በኩል እንቀመጣለን፤ ላንድቫሰር በዚያ በኩል ነው የሚታየው። ድልድዩ 65 ሜትር ከፍታ አለው፣ ስድስት ቅስት ነው፣ ያውም ጠምዛዛ። ባቡሩ ከድልድዩ ሳይወጣ በቀጥታ ገደሉ ውስጥ ወዳለው ዋሻ ይገባል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ብድግ ብዬ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በርጉን የምትባል ትንሽ መንደር እንወርዳለን። ጣቢያው አጠገብ የዚህ መስመር ሙዚየም አለ፤ ደጁ ላይ «አዞ» የሚሏት ቡናማ የድሮ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ቆማለች። ባቡር በየሰዓቱ ስለሚመጣ እስክትጠግብ ታያታለህ፣ ማንም አያጣድፍህም። ከበርጉን በኋላ ሐዲዱ ተራራው ውስጥ እየተጠቀለለ ከ400 ሜትር በላይ ይወጣል። ቅድም በግራ ያየኸው መንደር በቀኝ ይመጣል፣ ደግሞ ከታች ይታያል፤ አቅጣጫው ይጠፋብሃል።

ፖንትሬዚና ሁለት ሌሊት እናድራለን፤ ሐምሌ 25 የእነሱ ብሔራዊ በዓል ነው፣ ማታ በየተራራው እሳት ያነዳሉ። ደመራ እንደማለት ነው፤ ልዩነቱ ከአንዱ ተራራ የሌላው መታየቱ። አልጋው በዚያ ቀን ውድ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ ይዣለሁ።

ሐምሌ 26 ቤርኒና የሚባለውን የተራራ ባቡር መስመር እናቋርጣለን። በስልክ «ሐዲዱ ባቡሩ ነክሶ የሚወጣበት ጥርስ አለው ወይ?» ብለህ የጠየቅከኝ ይኼን ነበር። የለውም አባዬ! በ1000 ሜትር 70 ሜትር የሚወጣበት ቦታ አለ፣ ሆኖም በተራ ሐዲድ ላይ በጎማው ጉልበት ብቻ ነው የሚሄደው። ፍሬኑ እንዴት እንደሚይዝ ሠራተኛውን አንተው ትጠይቃለህ፤ ፈረንሳይኛህ ሥራ ሳያገኝ አይመለስም። ለቱሪስት የተዘጋጀ፣ ጣሪያው ድረስ መስታወት የሆነ ባቡር አለ፤ ወንበሩ ቀድሞ ይያዛል፣ መስኮቱ ግን አይከፈትም። እኔ የመረጥኩት ተራውን ነው። በየጣቢያው ይቆማል፣ መስኮቱ የሚከፈት ፉርጎም አለው፣ አልፕ ግሩም ላይ ወርደን ሻይ ጠጥተን በሚቀጥለው መሳፈር እንችላለን። አንተ ደግሞ የጎማውን ድምፅ መስማት ትፈልጋለህ።

ከፍታው እንዳያሳስብህ። ትልቁ ነጥብ 2253 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች። ሰው ሁሉ ዩንግፍራውዮኽ ወደሚባለው የተራራ ጣቢያ ውሰጂው ይለኛል፤ እሱ 3454 ሜትር ነው፣ ለደም ግፊትህ ስለምፈራ ተውኩት። ይህንንም ቢሆን ለሐኪምህ ንገረው፣ መድኃኒትህንም ከማዘዣው ጋር ያዝ።

ቲራኖ ልንደርስ ስንል ብሩዚዮ ላይ ባቡሩ በዘጠኝ ቅስት ክብ ድልድይ ዞሮ በራሱ ሥር ያልፋል። ከዚያ ጣሊያን ነው፤ ሐዲዱም ይለወጣል። ቲራኖ አድረን በኮሞ ሐይቅ ዳር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘን ሚላኖ እንገባለን። ፖርታ ቬኔትሲያ ሠፈር የአበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል፤ እስከዚያ ድረስ እንጀራ እንደሚናፍቅህ ስለማውቅ መጀመሪያ የምንሄደው እዚያ ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ አይቸግርም።

ስንመለስ ጎትሃርድ በሚባለው ተራራ በኩል ነው። አዲሱ ዋሻ 57 ኪሎ ሜትር ነው፣ በፈረንጅ 2016 የተከፈተ፤ ቶሎ ያደርሳል፣ ግን ጨለማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤሊንዞና ላይ ወርደን በፈረንጅ 1882 በተከፈተው አሮጌው መስመር እንሄዳለን። ቫሰን የምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን በሦስት የተለያየ ከፍታ ሦስት ጊዜ ትታያለች፣ ባቡሩ በዋሻ ውስጥ ስለሚዞር። ሰዓት ይበላል፤ ይብላ።

ስለ መቀያየሪያውም አስቤበታለሁ። ባለፈው በጋ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ስንሄድ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበረንና ደረጃ ለደረጃ ሮጠን ነበር፤ እግሬ ተጣሞ ሁለት ሳምንት አነከስኩ። ላንተ ከግማሽ ሰዓት በታች የሆነ መቀያየሪያ አልያዝኩም። ትልቁን ሻንጣ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ መላክ ይቻላል፤ ሁለት ቀን ቀድመን እንልከዋለን። በእጃችን መድኃኒትህና ጋቢህ ብቻ ይሆናሉ።

ጣቢያ ላይ ሰዓቱን እይልኝ። ቀይዋ የሰከንድ ዘንግ ጫፏ ላይ ክብ ነገር አላት። የባቡር አሳላፊ «ሂድ» ሲል የሚያነሳትን ቀይ ክብ ምልክት አስመስለው ነው የሠሯት። ደቂቃው ሊሞላ ሲል ላይ ላይ ትንሽ ትቆማለች፣ ከዚያ ትለቃለች። ባየኋት ቁጥር አንተን አስታውሳለሁ።

አሁን ካንተ የምፈልገው ይኼ ነው። የፓስፖርትህን ፎቶ ያለበትን ገጽ በእህቴ ስልክ ላክልኝ፤ ለቪዛው ጉዞው ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፣ መጨረሻው አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ነው፣ እኔ እስከዚያ ማዘግየት አልፈልግም። የጡረታ ደብዳቤህንም አውጣ። የግብዣውን ወረቀትና 30,000 ዩሮ የሚሸፍነውን የጉዞ ኢንሹራንስ እኔ እልካለሁ። ብዙውን ሌሊት የምናድረው ስዊዘርላንድ ስለሆነ የሚጠየቀው የእነሱ ቪዛ ነው፤ በእሱ ጣሊያንም እንገባለን።

እማዬ አውሮፕላን አልሳፈርም ብላ መቁረጧን አውቃለሁ፤ አላስገድዳትም። ለእሷ ግን ንገርልኝ፦ ሽሮና በርበሬ ከላከች እሰየው፣ ቅቤና ቋንጣ ግን እንዳትይዝልህ። ከውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ነገር ድንበር ላይ ይወስዱታል፤ ልፋቷ ሜዳ ላይ ሲቀር አያስችለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ከመሣሪያ ሣጥንህ አምጣ፤ ያችን የድሮ የብረት ሜትርህን። ለአውሮፕላኑ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክተታት፤ ሻንጣውን ከመላካችን በፊት እናወጣታለን። በርጉን፣ አዞዋ የቆመችበትን ሐዲድ አንተ በአንደኛው በኩል ትይዛለህ፣ እኔ በሌላኛው።

ልጅህ፣ ከዙሪክ