ስለ አረጋውያን ድባቴ ጽሑፋችሁ የዘለለው

ለአዘጋጁ፣

ስለ አረጋውያን ድባቴ ያወጣችሁት ጽሑፍ «አጫውቷቸው፣ ብቻቸውን አትተዉአቸው» በሚል ምክር ነው ያበቃው። ምክሩ አይጠላም፤ ሕመሙን ግን ጨዋታ ብቻውን አይፈውሰውም። እኛ በሕክምናው ላይ ያለን ሰዎች የቀረውን እንጨምር።

«ከፋኝ» ብለው የሚመጡ አረጋውያን ጥቂት ናቸው። ወገቤን፣ ሆዴን፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እህል አልወርድ አለኝ ይላሉ። የሚረሱም አሉ። በድባቴ የሚረሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ መርሳቱ አጥብቆ ያማርራል፣ ሲጠየቅም «እኔ እንጃ» ይላል፤ የመርሳት በሽታ የጀመረው ደግሞ ጉድለቱን ይሸፍናል ወይም ጭራሽ አያስተውለውም። (ሁለቱ አንድ ሰው ላይ መገናኘታቸውም አይቀርም።)

ለአረጋውያን የተዘጋጀው ባለ 15 ጥያቄ የድባቴ መለያ መጠይቅ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ነው የሚያስመልሰው፤ ነጥቡ 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰፋ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል። መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞንና ቫይታሚን ቢ12 ይታዩ። የሚወስዱት ክኒን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይምጣና ይፈተሽ፤ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለው (ለአስምና ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጥ ስቴሮይድ) ራሱ ስሜትን ያዛባልና።

ሕክምናው በብዛት የሚበላሸው መጠኑ ላይ ነው። ሰርትራሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ለአረጋዊ በቀን በ25 ሚሊግራም መጀመሩ ትክክል ነው። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 50 ማደግ ሲገባው ግን በ25 ይቀራል፤ ከዚያ «አልሠራም» ተብሎ በሦስተኛው ሳምንት ይቆማል። በዚህ ዕድሜ ለውጡ እስኪታይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም 12 ይፈጃል። ሲሻላቸውም ቢያንስ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይቀጠላል፣ የሚቆመውም ቀስ በቀስ ነው። የመጀመሪያው ሰሞን ማቅለሽለሽ በአብዛኛው ያልፋል። የማይናቀው በደም ውስጥ ያለው የሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) መውረድ ነው፤ በተለይ ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በመጀመሪያው ወር የደም ሶዲየማቸው ይለካ። ግራ መጋባት ወይም መውደቅ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም።

አሚትሪፕቲሊን የተባለው የቆየ የድባቴ መድኃኒት እንቅልፍ ስለሚያመጣ ይወደዳል፤ ለአረጋውያን ግን ሽንት ይይዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲነሱ ያዞራቸዋል። ማረጋጊያው ዳያዜፓም ድባቴን ጭራሽ አያክምም፤ ከሰውነታቸው ቶሎ ስለማይወጣም ለመውደቅና ለዳሌ ስብራት ያጋልጣቸዋል።

«ሞት ረሳኝ» ሲሉ እንደ ወግ አታሳልፉት። «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አይፈጥርም። «አዎ» ካሉ ብቻቸውን አይተዉ፣ የተጠራቀመ ክኒን ከቤት ይውጣ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።