ሰው ከሌለበት ደሴት ለእማዬ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሳልደውል የቆየሁት ረስቼሽ አይደለም። ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። የቅርብ ጎረቤት እንኳ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

«ሰው የሌለበት ቦታ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?» ብለሽኝ ነበር። ያኔ ስቄ አለፍኩት። አሁን ግን በደንብ ልመልስልሽ።

ደሴቲቱ ሄንደርሰን ትባላለች። ደቡብ ፓስፊክ መሃል ያለች፣ በብሪታኒያ ሥር ካሉት የፒትኬርን ደሴቶች አንዷ ናት። ስፋቷ 37 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአራቱ ደሴቶች ሰው የሚኖረው ፒትኬርን ላይ ብቻ ነው፤ እሱም አርባ ያህል ሰው። እዚያ አውሮፕላን አያርፍም፣ መንገዱ በመርከብ ብቻ ነው። ወደ ሄንደርሰን ለመሄድ ደግሞ የፒትኬርን አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ከመውረዳችን በፊት ጫማችንን፣ ቦርሳችንን፣ ኪሳችንን ሳይቀር ፈተሹን። የሚፈልጉት የሣር ዘርና ጉንዳን ነበር! አንድ ትልቅ ሰውዬ የካልሲዬን ክር አንድ በአንድ ሲያይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ወደብ የለም። መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ አንቺ በትንሽ ጀልባ ሆነሽ ማዕበሉ ፋታ እስኪሰጥ ትጠብቂና በኮራሉ (ትንንሽ የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ) መሃል ሾልከሽ ትገቢያለሽ። ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ካሁን ወዲያ ባሕር አጠገብ እንዳትደርሺ ትይኛለሽ።

ከሩቅ ስታያት ፖስት ካርድ ናት። ነጭ አሸዋ፣ ኮኮናት፣ ሰማያዊ ውሃ። ከአሸዋው ጀርባ ግን 30 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ገደል ቆሟል። ላዩ በሙሉ ድሮ ባሕር ውስጥ የነበረ ኮራል ነው። እንዴት ወጣ መሰለሽ? የፒትኬርን እሳተ ገሞራ ክብደት የባሕሩን ወለል ሲጫነው፣ ሄንደርሰን ያለችበት በኩል ወደ ላይ ተነሣ። አንቺ አልጋዬ ጫፍ ላይ ስትቀመጪ እኔ የተኛሁበት ፍራሽ ከፍ እንደሚለው ማለት ነው። ኮራሉ ስለታም ነው፣ ቁጥቋጦውም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጥቂት ሜትር ለመግባት ብዙ ላብ ይጠይቃል።

ወንዝ የለም፣ ምንጭም የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1820 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንደዚሁ በፈረንጆች ናቸው) ኤሴክስ የምትባል የዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ በዓሣ ነባሪ ተመትታ ሰጠመች። ሃያ ሰዎች በሦስት ጀልባ ከወር በኋላ እዚህ ደረሱ። ውሃ ያገኙት ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ከምትገለጥ አንዲት ምንጭ ነበር። ወፉን፣ እንቁላሉን፣ ሸርጣኑን በሳምንት ጊዜ ውስጥ በልተው ሊጨርሱት ደረሱ። ከዚያ አሥራ ሰባቱ ተመልሰው ባሕር ገቡ፣ ሦስቱ «እኛ እዚሁ እንቀራለን» አሉ። የቀሩት ዋሻ ውስጥ የሰው አፅም አገኙ። ምናልባት ከእነሱ በፊት ደርሰው ውሃ ያጡ ሰዎች ይሆናሉ። ሦስቱን በሚያዝያ 1821 አንድ መርከብ መጥቶ ወሰዳቸው። ባሕር የገቡት ላይ የደረሰውን አልጽፍልሽም፤ እንቅልፍ ትነሺበታለሽ።

አሁን የምወደው ክፍል ደረሰ። እዚህ ካሉት የምድር ወፎች አራቱ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። አንዲት ርግብ፣ አንዲት በቀቀን፣ አንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ፣ ደግሞ መብረር የማትችል ጥቁር ወፍ። ጥቁሯ እግሬ ሥር ድረስ መጥታ የጫማዬን ማሰሪያ ነካክታ ሄደች። ምን ፈርታ? የሚያባርራት አታውቅም።

አይጦቹ ግን ሌላ ጉድ ናቸው። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ፖሊኔዥያውያን የሚባሉ የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች እዚህ ኖረው ነበር። ከሌሎች ደሴቶች ጋር የነበራቸው ንግድ በመቆሙ ይመስላል እነሱም ጠፉ፣ አብረዋቸው የመጡት አይጦች ግን ቀሩ። የባሕር ወፎቹን ጫጩት በሕይወት እያለ ይበሉታል። በ2011 በሄሊኮፕተር መርዝ ተረጨ። ጥቁሮቹ ወፎች መርዙን እንዳይለቅሙ ከመካከላቸው የተወሰኑት በጎጆ ተጠብቀው ቆዩ። ያ ሁሉ ልፋት ተደርጎ ጥቂት አይጦች ተረፉ። እንደገና በዙ፣ አሁንም አሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን የምሥራቁ ዳርቻ ነው። ደሴቲቱ በ1988 የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች፣ ማንም አይኖርባትም። ግን አሸዋው ላይ የጠርሙስ ክዳን፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የዓሣ አስጋሪዎች ገመድና ተንሳፋፊ ሞልቷል። አንዱ ሸርጣን የፕላስቲክ የቅባት ዕቃ ቤቱ አድርጎ ይዞት ሲሄድ አይቻለሁ። በ2017 የወጣ ጥናት ዳርቻው ላይ 37.7 ሚሊዮን የፕላስቲክ ቁራጭ፣ በክብደት 17.6 ቶን ገምቷል። የውቅያኖሱ ዙሪያ ጥምጥም ሞገድ ከየአገሩ የተጣለውን እያመጣ እዚህ ይደፋዋል። በ2019 ሰዎች መጥተው ብዙ ለቀሙ፣ ጭነው መውጣት ግን ስላልቻሉ ከማዕበሉ ርቆ ተከመረ። በ2024 ሌላ ቡድን ብዙውን ወሰደ። እኛ ስንደርስ አዲስ መጥቶ ጠብቆናል። የያዝነውን ጆንያ ሞላን፤ ዞር ብለሽ ስታይው ምንም የተነካ አይመስልም።

እና «ሰው የሌለበት ቦታ» ላልሽው፣ እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ በጣልነው ቆሻሻ ሁላችንም እዚህ አለን። ረግጠናት የማናውቀው ሳንቀር። ደግሜ ልሂድ ብል የምሄደው ለመልቀም ብቻ ነው። ለማየት ብቻ ባይኬድ ይሻላል፣ እኔን ጨምሮ።

ፎቶዎቹን ኔትወርክ ያለበት ስደርስ ለወንድሜ እልክለታለሁ፣ በቴሌቪዥኑ ያሳይሽ። በስልክ አትዪው፣ ዓይንሽ ይደክማል። የጥቁሯ ወፍ ትንሽ ደብዝዛለች፤ አልቆምልሽ ብላኝ ነው። የግፊት መለኪያሽን ባትሪም ይቀይርልሽ፣ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ልጅሽ