ፍሮዶ ቀለበቱን አልወረወረም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ቶልኪን ልብ ወለድ «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፍሮዶ፣ የያዘውን ሁሉ የሚያማልለውን ክፉ ቀለበት እሳተ ገሞራ ውስጥ ወርውሮ ዓለምን አዳነ ይላል። መቼ? የትኛው ገጽ ላይ? ፍሮዶ አፋፉ ላይ ደርሶ «የኔ ነው» አለና ጣቱ ላይ አጠለቀው። ቀለበቱ ቀድሞ የእሱ የነበረውና ሲያሳድደው የኖረው ጎለም ጣቱን በጥርሱ ቆርጦ ወሰደበት፤ በደስታ ሲጨፍርም ከነቀለበቱ ገደል ገባ። ሦስተኛው ቅጽ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ከወጣ ወዲህ ይሄ ምስጢር አይደለም። ጸሐፊያችሁ ፊልሙን አይቶ ተሳስቶ ይሆናል እንዳልል፣ ፊልሙ ላይም አልወረወረም። ፖስተሩን አይቶ ይሆን?

ደሜን ያፈላው ግን ሌላ ነው። እስከ መጨረሻው ከፍሮዶ ጋር የተጓዘው ሳም በጽሑፉ አንድ ቦታ ብቻ ብቅ ይላል፤ ያውም «ታማኝ አገልጋዩ» ተብሎ፣ ስሙ ሳይጠራ። ሁለት ፊደል እኮ ነው!

እኔ አትክልተኛ ነኝ። ሳምም አትክልተኛ ነው። አንድ ጊዜ ከባዶ ያለማሁት ግቢ ሲመረቅ፣ ሪባን የቆረጡት ኃላፊ ድምፅ ማጉያ ያከራየውን ሳይቀር አመሰገኑ። እኔ የውሃ ጎማዬን ይዤ ከኋላ ቆሜ ነበር። ስለዚህ ነገሩን በግሌ ብወስደው አይፍረዱብኝ።

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ፍሮዶ በጠላት እጅ በወደቀ ጊዜ ቀለበቱን የያዘው ሳም ነው። ቀለበቱም አማለለው፤ ያንን የተቃጠለ ምድር በአንድ ትእዛዝ የአበባ ማሳ እንደሚያደርገው አሳየው። እኔ ብሆን እዚያው አልቆልኝ ነበር። ሳም ግን በገዛ እጁ የሚኮተኩታት ትንሽ ጓሮ እንደምትበቃው ያውቅ ነበር፤ ቀለበቱን ለጌታው መለሰ። ፍሮዶ መራመድ ሲያቅተው ደግሞ አዝሎት ዳገቱን ወጣ።

እዚያው ዳገት ላይ ጎለም ሳም እግር ስር ወደቀ። ሰይፉን መዝዟል፤ አንጀቱ ግን አልቻለም፣ ማረው። ቀድሞ ቀለበቱን ለፍሮዶ ያወረሰው ዘመዱ ቢልቦም፣ ፍሮዶም ምረውታል፤ የመጨረሻው ሳም ነው። ያኔ ቢገድለው ኖሮ ያንን ጣት ማን ይነክስ ነበር? ፍሮዶ እንደሆነ ቀለበቱን አጥልቆ ቆሟል!

ከጦርነቱ በኋላ በአገራቸው የተቆረጡትን ዛፎች እየዞረ የተካውም እሱ ነው። ሰባት ጊዜ ከንቲባ ሆኗል። የመጽሐፉ የመጨረሻ ቃል የሚወጣውም ከእሱ አፍ ነው።

እርማት ስታወጡ ስሙን ጻፉልን። ቦታ ከጠበበ «ታማኝ» የሚለውን አውጡት።

አንድ አትክልተኛ አንባቢ